አዋሽ የሚያውሰው ዕቃ፦ የባቡር ጣቢያ ስሞችን እንቆቅልሽ የማድረግ ማስታወሻ

ቅዳሜ

ነገሩ የጀመረው መገናኛ ፌርማታ ላይ ነው። ስልኬ ባትሪ ጨርሶ የማነበው ነገር ስላልነበረኝ ታፔላውን ደጋግሜ ሳነብ መሃሉ ላይ «ገና» ቁጭ ብሎ አየሁት። መ-ገና-ኛ። በቃ ከዛ በኋላ ማቆም አልቻልኩም፣ ባቡር ውስጥ ገብቼም ቀጣዮቹን ስሞች እየበለትኩ ነበር፣ ጉርድ ሾላ ስንደርስ «አጭር ቀሚስ የለበሰ ዛፍ» ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ፣ አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ቦርሳዋን ጠበቅ አደረገች።

ማታ ላይ ወሰንኩ። አጎቴ ጉልበቱን አሞት ቤት ከዋለ ወር ሊሞላው ነው፣ የድሬዳዋ ልጅ ነው፣ ለገሃሬ ነው ያደገው፣ የድሮውን መስመር ጣቢያዎች እንደ ዳዊት ይደግማቸዋል። 20 የጣቢያ እንቆቅልሽ እሠራለታለሁ። ምንጩ ሁለት ነው፦ ከጂቡቲ የሚመጣው ሀዲድ (የድሮውም አዲሱም) እና የከተማው ቀላል ባቡር 39 ፌርማታዎች።

እሁድ

ሕግ ካልተጻፈ ነገሩ ዝም ብሎ «እንቆቅልሽ፣ ምናውቅልሽ» ሆኖ ይቀራል፣ መጨረሻው ሀገር ስጠኝ ነው። እኔ የፈለግኩት የእንግሊዝ ጋዜጦች ከ1920ዎቹ ጀምሮ የሚያወጡትን አይነት ክሮስወርድ ነው። እዛ ጥያቄው ሁለት አካል አለው። በአንዱ ጫፍ፣ ከፊት ወይ ከኋላ፣ የመልሱ ቀጥተኛ ፍቺ ይቀመጣል፣ የቀረው የፊደል ብልሃት ነው፣ መጨረሻ ላይ በቅንፍ የፊደሉ ብዛት ይጻፋል። ላይ ላዩን ሲነበብ አንድ ታሪክ ይመስላል፣ ታሪኩ ያሳስታል፣ ግን አይዋሽም። ሥራ የሌለው ቃል ካለ ጥያቄው ተበላሽቷል ማለት ነው።

ቅኔ ያየ ሰው «ይሄማ ሰምና ወርቅ ነው» ይላል፣ ልክ ነው፣ ህብረ ቃሉ ያው ነው። ልዩነቱ ቅኔ ላይ ወርቁን ካገኘህ በኋላም ሰሙ ይኖራል፣ ሁለቱም አብረው ይጣፍጣሉ። እዚህ ግን መልሱ ሲገኝ ታሪኩ እንደ ልጣጭ ይጣላል። ትንሽ ያሳዝናል፣ ግን ጨዋታው እንደዛ ነው።

የዛሬው ምርት ይሄ ነው፦

«ዕቃውን ለጎረቤት ይሰጣል፣ ባሕር ግን አይደርስም (3)»

አዋሽ። ዕቃ የሚያውስ ሰው አዋሽ ነው፣ ወንዙ ደሞ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ ያን ሁሉ ሀገር አቋርጦ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል፣ ባሕር አያይም። ብልሃቱ ሁለት ፍቺ ጎን ለጎን ብቻ ነው፣ ግን «ግን» የምትለዋ ቃል ሁለቱን አጋብታ አንድ ምስኪን ደግ ሰው አስመሰለቻቸው። ይሄን ከጻፍኩ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ራሴን እንደ ሊቅ ቆጠርኩ።

ሰኞ ማታ

ፊደል ማዘበራረቅ ሞከርኩ። እንግሊዝኛ ላይ ይሄ ዋናው መሣሪያቸው ነው፣ 10 የተለያየ ፊደል ያለው ስም በ3,628,800 መንገድ ይደረደራል፣ ፈቺው ወረቀት ላይ ክብ ሠርቶ ሲፈልግ ይውላል። የኛ ፊደል አናባቢውን ይዞ ስለሚዞር ስሞቻችን አጫጭር ናቸው፣ ሦስት ፊደል 6 መንገድ ብቻ ነው ያለው፣ አራት ፊደል ቢበዛ 24። ማለትም መደበቂያ ቦታ የለም። በዛ ላይ ሲገለባበጥ ብዙ ጊዜ ቃል አይሆንም፣ «ከምዱ» ምንድነው?

አንድ ብቻ ተገኘ፣ እሱ ግን ወርቅ ነው። ሰበታ ሲዘበራረቅ «ታሰበ» ይሆናል። አዲሱ መስመር ደሞ መነሻው ሰበታ ነው።

«ታሰበ፣ ተዘበራረቀ፣ ከዛ ተጀመረ (3)»

የሰው ሁሉ ፕሮጀክት ታሪክ ነው እኮ ይሄ። ሳልነካው ተውኩት።

ወደ ኋላ ማንበብም አለ፦ ሞጆ ሲገለበጥ ጆሞ፣ ኬንያታ። ግን «ኬንያታ ወደ ኋላ ዞሮ ደረቅ ወደብ ገባ» ሲባል ትንሽ ይጎረብጣል፣ ኬንያታ ሞጆ ምን ሊሠራ ይመጣል። ተኝቼ ሳስበው ሌላ መጣልኝ፣ ተነስቼ ጻፍኩት፦

«ቀድሞ ጆሮ ውስጥ የገባው ደረቅ ወደብ (2)»

ቀድ-ሞ ጆ-ሮ። ስሙ ሁለት ቃል መሃል ተሸጉጧል። «ውስጥ የገባው» የሚለው እውነቱን ነው የሚናገረው፣ አንባቢው ግን ወሬ ጆሮ የገባ ነው የሚመስለው። ይሄ የመደበቅ ብልሃት ለአማርኛ ከማዘበራረቅ አሥር እጥፍ ይሻላል፣ ከአሁን በኋላ በዚህ ነው የምሄደው።

ረቡዕ

የመጀመሪያው ሙከራ፣ በስልክ።

«ጋሼ፣ ልጀምር?» አልኩት።

«በይ አምጪው፣ ሌላ ምን ሥራ አለኝ።»

«ገና ያለበት፣ የተጠፋፉ የሚገጣጠሙበት» ብዬ አነበብኩለት፣ 4 ፊደል። ዝም አለ፣ ከዛ «ላሊበላ ባቡር ገባ እንዴ?» አለኝ። ስህተቱ የኔ ነው፣ «ገና»ን አጥብቄ ነው ያነበብኩት፣ ስለዚህ በዓሉን ብቻ ሰማ። አላልቼ ባነበው ደሞ «እስካሁን» የሚለውን ብቻ ይሰማ ነበር። ወረቀት ላይ ሁለቱም ናቸው፣ ድምፅ ግን አንዱን ሳይመርጥ ማለፍ አይችልም። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን ስለማይጽፍ ስንት ጊዜ አማርረንበታል፣ ለዚህ ሥራ ግን የመጣልን ሲሳይ ነው፣ በነፃ የተሰጠ መደበቂያ። ከዛሬ ጀምሮ ጥያቄ በጽሑፍ ብቻ ይላካል።

መልስ ግን በስልክ ነው መስማት ያለብኝ፣ ምክንያቱም ቀጥሎ የሆነውን ስሙ። ይቺን በቴክስት ላኩለት፦

«የእናት እናት፤ ልጁ ተመለከታት፤ መስመሩ አለቀ (3)»

ደወለ። «አያት» አለ፣ «ያ»ን አጥብቆ፣ ልጁ ልጅቷን እንዳያት። ከዛ ትንሽ ዝም። ከዛ «አያት» አለ፣ አላልቶ፣ እንደ ሴት አያቱ። ከዛ ነው ሳቁ የመጣው። «አቦ! አንድ ቃል እኮ ነው፣ ሁለቴ መለስኩልሽ!» ባቡሩ በምሥራቅ በኩል የሚያልቀው አያት ላይ መሆኑን ለሱ መንገር አላስፈለገም። እንግዲህ ለዚህች ቅጽበት ነው የምለፋው።

ሐሙስ

ምንም የለም። ወለንጪቲ ላይ ሁለት ሰዓት አቃጠልኩ። መተሃራም እንዲሁ፣ እሱ ላይ ደሞ ገና ሳይጀመር በሃሌታው «ሀ» ነው በሐመሩ «ሐ» የሚለው ጣጣ አለ። ሕግ ጨመርኩ፦ ሞክሼ ፊደላት እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ሊቃውንቱ ይቆጣሉ፣ ይቆጡ።

ቅዳሜ

ዛሬ የተሠራው ሥራ ከእንግሊዝኛው ያልተቀዳ፣ ከራሱ ከፊደል ገበታው የወጣ ነው። እንግሊዝኛው ፊደል ይጨምራል ይቀንሳል፣ እኛ ግን ፊደሉ እዛው እያለ ቤቱን መቀየር እንችላለን። ግዕዝ ካዕብ ሣልስ ራብዕ እያልን በልጅነት የጮህነው ለካ ለዚህ ነበር።

«አዳም በመጨረሻ አፉን ከፈተ፣ በድሮ ስሟ ናዝሬት (3)»

«አዳም» መጨረሻው «ም» ነው፣ ከንፈር ይገጠማል። አፍ ሲከፈት «ማ»። አዳማ። መጀመሪያ ላይ «ሳድሱ ራብዕ ሆነ» ብዬ ነበር የጻፍኩት፣ ልክ ነው ግን ደረቅ ነው፣ የሰዋስው ፈተና ይመስላል። «አፉን ከፈተ» ላይ ስደርስ አዳም ራሱ ሰው ሆነልኝ።

ይቺ ደሞ ከሁሉም የምወዳት ናት፣ ዱከም፦

«‹ድከም› ቢለው የፊተኛው ሁለተኛ ወጣ፣ ከቢሾፍቱ በፊት (3)»

ሩጫ ይመስላል። ሯጩ «ድከም!» ተባለ፣ ሲመራ የነበረው ሁለተኛ ወጣ። እውነቱ ግን የፊተኛው ፊደል «ድ» ሁለተኛ ቤት ገባ፣ ካዕብ ማለት ሁለተኛ ማለት አይደል፣ «ዱ» ሆነ። «ከቢሾፍቱ በፊት» ደሞ ከአዲስ አበባ ሲወጡ ዱከም ከቢሾፍቱ ስለሚቀድም ነው። አንድም የባከነ ቃል የለም። አጎቴ ይሄን ለመፍታት 40 ደቂቃ ወሰደበት፣ ከፈታ በኋላ «አቦ ይሄ ነገር ኃጢአት አለው» አለኝ።

ራሷ ቢሾፍቱ ግን ወደቀች። «አራዳው ቢያይ ምራቁን ተፋ፣ ሐይቅ ዳር (4)» ብዬ ነበር፣ በአራዳ ቋንቋ ማየት መሾፍ ነው፣ ቢያይ «ቢሾፍ»፣ ምራቅ ሲተፋ «ቱ»። አጎቴ «ምራቅ ‹ቱ› ነው ያለሽ ማነው፣ እኛ ‹እትፍ› ነው የምንለው» ብሎ ተቃወመ። ልከራከር አሰብኩ፣ ግን ፈቺ መልሱን አይቶ «እሺ ይሁን» ካለ ተሸንፈሻል ማለት ነው። «እንዴት አላየሁትም!» ነው ማለት ያለበት። ሰረዝኳት።

እሁድ

ጠዋት ቡና እየተፈላ አንድ ነገር ተገለጠልኝ። «ኤ»! የኔነት «ኤ»! ቤት ቤቴ፣ ልጅ ልጄ። በሌላ ቋንቋ የወጡ ስንት ስሞች በአማርኛ ጆሮ «የኔ» እያሉ ነው ለካ።

ደወሌ ማለት ደወል ላይ «ኤ» ነው፦ «ድንበር ላይ ስደርስ የምደውለው የራሴው ነው (3)»። ኧረ ቆይ፣ «የምደውለው» ውስጥ ደወል ራሱ አለ፣ ሥሩን ማሳየት ነውር ነው። ተስተካክሎ፦ «ድንበር ላይ የሚያንቃጭለው የኔ ነው (3)»።

እንዶዴ ደሞ እንዶድ፦ «ልብስ የማጥብበት ፍሬ የኔ ነው፣ ጭነት ተራግፎበታል (4)»። አዲሱ መስመር ላይ ዕቃ የሚራገፍበት ጣቢያ ነው። «የማጥብበት» እና «የኔ» ሁለቱም የኔን ይላሉ፣ አንዱ ትርፍ ነው፣ ስለዚህ «ልብስ የሚታጠብበት ፍሬ የኔ ነው» አልኩት።

እነዚህ ስሞች ኦሮምኛም ሱማልኛም አፋርኛም አሉባቸው፣ ለገሃር ራሱ «ላ ጋር» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፣ ሀዲዱ ከጂቡቲ ተነስቶ በፈረንጆቹ 1902 ድሬዳዋ፣ 1917 አዲስ አበባ እስኪደርስ በየመንገዱ ያገኘውን ስም ሁሉ ሰብስቦ ነው የመጣው። ማንም ለአማርኛ ቃላት ጨዋታ ብሎ አላወጣቸውም፣ ለዛ ነው ሲበጣጠሱ ያልተጠበቀ ነገር የሚወድቀው። አፍደምን እዩት፣ አፍ ሲደመር ደም፣ «ጥርስ ነቃዩ ጋር ሄጄ ያየሁት ጣቢያ»። ኤረር ኮምፒውተር ሲበላሽ የሚያወጣው ጽሑፍ ነው። ሆልሆል፣ ጂቡቲ ውስጥ፣ «ሁለት አዳራሽ ጎን ለጎን»። ከከተማው ባቡር ደሞ ዳርማር፦ «ጫፉ ላይ ንብ የሠራችው (4)»፣ ዳር እና ማር፣ ከዚህ የቀለለ የለም፣ ፈቺው እንዲነቃቃ መጀመሪያ ላይ የማስገባው ይሄን ነው። ለገሃር ራሱ፦ «ፈረንሳዩ ‹ጣቢያው› ሲል እንደሰማነው (4)»።

ሜክሲኮን ለብቻው ልጻፍ። ሕጌን ይጥሳል፣ ብልሃት የለውም፣ ፍቺ ብቻ ነው፦

«እኛ እነሱ ጋር፣ እነሱም እኛ ጋር ጣቢያ አላቸው (4)»

ሜክሲኮ ሲቲ ሜትሮ መስመር 3 ላይ ኢትዮጵያ የሚባል ጣቢያ አለ፣ ምልክቱም የአንበሳ ራስ ነው። ጣሊያን ሲወረን በመንግሥታት ማኅበር ከተቃወሙልን ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ናት፣ አደባባዩ ስሙን ያገኘው ከዛ ነው። ሕግ ቢጥስም አልሰርዘውም፣ አንድ ሰው ይሄን ሳያውቅ ፈትቶ ከዛ ሲያውቅ ፊቱን ማየት እፈልጋለሁ።

ማክሰኞ

የመቀነስ ቀን፣ ማለቴ ፊደል የመቀነስ።

አቃቂ፦ «ሃያሲ የሚያወጣው ጭራው ተቆርጦ ቃሊቲ ጎን ተገኘ (3)»። አቃቂር ያለ «ር»።

አይሻ፦ «‹አይፈልግም› ብሎ መጨረሻውን ዋጠ፣ የሴት ስም ያላት ጣቢያ (3)»። አይሻም ያለ «ም»።

ለቡ ላይ ሁለት አማራጭ አለኝና ወገቤን ይዤ ቀረሁ። አንደኛው የመደበቅ ነው፣ ያ-ለ ቡ-ና፦ «ያለ ቡና ውስጤ ባቡር አይነሳም»። ሁለተኛው የመቀነስ፦

«ለቡና ተጠርቶ ‹ና› ሳይባል ባቡር ተሳፈረ (2)»

ለቡና ያለ «ና»። ጎረቤት ሁሉ ሲጠራ እሱን ብቻ ማንም «ና» ያላለው ሰው ቅር ብሎት ከተማውን ለቆ ሲሄድ ይታየኛል፣ ለቡ ደሞ የአዲስ አበባ መንገደኛ የሚሳፈርበት ነው። ሁለተኛው አሸነፈ። አንድ ቀን ሙሉ ለሁለት ፊደል።

ከዛ ልቤ የተሰበረበት። ነጋድ። ጂቡቲ ከተማ መግቢያ ላይ ያለው ጣቢያ።

«ነጋድራስ ጭንቅላቱን አጥቶ ጂቡቲ ገባ (3)»

ነጋድራስ ያለ ራስ! ጉምሩክ የሚጠብቀው ሹም ራሱ ራሱን አጥቶ! ለአጎቴ ስልክለት አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ፈታውና «ግን እኮ ናጋድ ነው» አለኝ። አየሁት፣ እውነቱን ነው፣ አብዛኛው ሰው በራብዕ «ና» ነው የሚጽፈው። «ነ»ም «ና»ም ተብሎ ይጻፋል ብዬ ላድነው ሞከርኩ፣ ግን ሞክሼ አይደሉም፣ የራሴ ሕግ ከለከለኝ። ሰረዝኩት፣ ግን ወረቀቱ ጀርባ ላይ ጽፌ አስቀመጥኩት፣ ሙሉ በሙሉ መጣል አልቻልኩም።

ሐሙስ

ሥራው ተገለበጠብኝ። ማታ ከአጎቴ ቴክስት መጣ፣ ሰላምታ የለ ምን የለ፦

«ፈልጎ ታክሲ ውስጥ ያገኘው፣ እህል የሚከተትበት (2)»

ሙያ ሰረቀኝ ማለት ነው። እህል የሚከተትበት... ከረጢት፣ ጆንያ፣ ጎተራ። ጎተራ ላይ ቀረሁ፣ ምክንያቱም አዲስ አበባ ውስጥ ጎተራ ማሳለጫ አለ፣ ታክሲም ይበዛዋል፣ ግን ሦስት ፊደል ነው፣ ጣቢያም አይደለም። «ተሳስተሃል፣ 3 ነው» ብዬ ጻፍኩለት። «አንቺ ነሽ የተሳሳትሽው፣ ተኚ» አለኝ።

አርብ

ታክሲ ውስጥ ሆኜ፣ እውነቴን ነው፣ ወያላው ሂሳብ ሲቀበል ነው የበራልኝ። ፈል-ጎ ታ-ክሲ። ጎታ! ከድሬዳዋ ወደዚህ ሲመጣ ሁርሶ፣ ኤረር፣ ጎታ። እህል የሚከተትበትም ጎታ፣ አሁን አሁን የኮምፒውተር ሰዎች «የውሂብ ጎታ» የሚሉትም እሱ ነው። «ውስጥ ያገኘው» እኮ በግልጽ ነግሮኛል፣ ሞጆ ላይ ራሴ የሠራሁት ብልሃት ነው፣ መልሶ በኔው ቢላ ወጋኝ።

አንድ ነገር ግን ተማርኩ፣ ስሠራ የምፈራው ቀላል ይሆናል ብዬ ነው፣ ስፈታ ግን ግልጹ ነገር ነው የማይታየኝ። ስለዚህ ተመልሼ አምስት ጥያቄ ላይ ያከማቸሁትን ጌጣጌጥ አወረድኩ። ሙሉ የምትባለውን ጣቢያ ሦስት መስመር ግጥም ጽፌላት ነበር፣ አሁን «ባቡሩ ቦታ የለውም (2)» ብቻ ሆነች።

እሁድ

19 ደርሷል። 20ኛው ለአጎቴ ለራሱ መሆን አለበት ብዬ ያቆየሁት ነው፣ ድሬዳዋ። ሦስት ቀን በ«ድሬ» ተሰቃየሁ፣ ከዛ ያ የኔነት «ኤ» ትዝ አለኝ፣ ድር፣ ድሬ፣ የሸረሪት። ዳዋ ደሞ ያው ሰው የተወውን መሬት የሚውጠው አረም፣ ዳዋ በላው የሚባለው።

«የሸረሪቷን ሥራ የኔ ነው ብዬ አረም ዳር ዘረጋሁት፣ ባቡሩም ወለዳት (4)»

«ባቡሩም ወለዳት» ፍቺው ነው፣ ሀዲዱ ሲመጣ የተቆረቆረች ከተማ ናትና። ላኩለት። አንድ ሰዓት። ሁለት ሰዓት። ጉልበቱ ብሶበት እንዳይሆን ልደውል ስል ራሱ ደወለ።

«አቦ፣ የገዛ ቤቴን ነው እንዴ የምትጠይቂኝ?»

«ሁለት ሰዓት የፈጀብህ ለዛ ነው?»

«የሰው ቤት ስፈልግ ነዋ።» ሳቀ፣ ከዛ ቆም ብሎ «ድሬስ እሺ፣ ድሬ የኔም ናት። ግን ዳዋውን ከየት አመጣሽው? እኛ ጋር አሸዋ ነው ያለው።»

«በአማርኛ ነው ጋሼ።»

«በአማርኛማ ወለንጪቲስ?»

ገና።